ትንሽ ዞር ይበሉልን

አንዳንድ ንግግር ለሌላ ሰው ይነገርና አንተ ጆሮ ላይ ይቀራል። «ጋሼ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» የምትለዋ ለእኔ እንደዚያ ሆናብኛለች። ቦታው ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም። ተናጋሪው ወጣት አስጎብኚ ነው። የተነገራቸው ደግሞ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ዓሣ የሚያጸዱ ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው። አስጎብኚው ወፍ ፎቶ ሊያነሱ የመጡ ሁለት ፈረንጆች ይዞ መጥቷል። አንደኛው የተሸከመው ሌንስ ከክንዱ ይረዝማል። ሰውዬው በወፎቹ መሃል ስለተቀመጡ ፎቶው ውስጥ እየገቡ አስቸገሩ። ዞር እንዲሉ የተፈለገው ፎቶው «እንዲጸዳ» ነው።

እኔ ከፈረንጆቹ ጎን በርከክ ብያለሁ። እጄ ላይ ያለችው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ናት። ድሮ ለልደትና ለምርቃት ከቁም ሳጥን ትወጣ የነበረችው ዓይነት። እኔም በሆዴ ሰውዬው ትንሽ ራቅ ቢሉ ብዬ ስመኝ ስለነበር፣ አስጎብኚው ሲናገርልኝ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ከመንገሬ በፊት ስለ ካሜራዋ ትንሽ ላውራ። ያለ እሷ ነገሩ አይገባም።

ሁለት ድንጋይ የምትበላ ካሜራ

ካሜራዋ 8 ሜጋፒክስል ናት። ዙሟ 4 እጥፍ ነው። በፎቶ አንሺዎች አነጋገር እስከ 140 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች ማለት ነው። ወፍ የሚያነሱ ሰዎች የሚይዙት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን በእርምጃ ልንገራችሁ። ባለ 600ው ከ30 እርምጃ ላይ ቆሞ የሚያነሳትን ወፍ፣ እኔ በዚያው መጠን ለማግኘት 7 እርምጃ ድረስ መጠጋት አለብኝ። 7 እርምጃ ላይ ደግሞ ወፏም ታያችኋለች። ጨዋታው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከ4 እጥፍ በላይ «ዲጂታል ዙም» የሚባል ነገር አለ። አትንኩት። ምስሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል እንጂ ምንም አያቀርብም። መቁረጡን ቤት ገብታችሁ በኮምፒውተር ብትሠሩት ይሻላል።

ካሜራዋ የምትበላው ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው። ከኪዮስክ የምንገዛው ተራ ድንጋይ ካሜራ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይደክማል። ቻርጅ የሚደረገውን ነው መያዝ። ስክሪኗ ፀሐይ ላይ አይታይም። ደግነቱ ከላይ በኩል በአንድ ዓይን የምትታይ የድሮ ቀዳዳ አለቻት። የዛሬ ካሜራዎች ይህችን ነገር ለምን እንደጣሏት አይገባኝም።

ዋናው ፈተና ሌላ ነው። ቁልፉን ስትጫኑትና ፎቶው ሲነሳ በመሃል ክፍተት አለ። ሳቢሳዋ፣ ያቺ ነጯ ባለ ረጅም እግር ወፍ፣ አንገቷን ስትወረውር አይታችሁ ከተጫናችሁ አልቋል። ፎቶው ላይ የምታገኙት ዓሣዋን ውጣ ወደ ሌላ ቦታ የምታይ ሳቢሳ ነው። መላው ቁልፉን እስከ ግማሽ ተጭኖ መጠበቅ ነው። ካሜራዋ ያኔ ፎከሷን አስቀድማ ትይዛለች፤ የቀረውን ግማሽ ስትጫኑ ቶሎ ትተኩሳለች። ቶሎ ስል ለእሷ ቶሎ ነው። አሁንም ከወፏ ቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሌላው የነጭ ወፍ ጣጣ ነው። ካሜራዋ ጥቁሩን ውሃ አይታ «ጨልሟል» ትልና ታበራዋለች። ሳቢሳዋ ላባ የሌላት ነጭ ነገር ሆና ትወጣለች። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጋችሁ ወደ መቀነስ አንድ ዝቅ በሉ። ላባው ይመለሳል። በትልቁ ሽመላ፣ በአባ ኮዳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ከኋላው ያለው ሐይቅ የሚያበራ ስለሆነ አንድ ከፍ ማለት ይፈልጋል።

ሀዋሳ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። የተቀመጠችው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ ወፎቹን ፊት ለፊት ታበራላችኋለች። እስከ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ማታ ግን ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስለምትጠልቅ ጥላ ብቻ ነው የምታነሱት። ለፍቅረኞች ይሆናል፤ ላባ ለሚፈልግ አይሆንም።

ባልዲው ሲሄድ

ወደ ጠዋቱ ልመለስ።

ሰውዬው አልተቆጡም። ቢላቸውን ጨርቅ ላይ ጠረጉ። የዓሣ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ የሞላውን ባልዲ አነሱ። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ወደ ጀልባዎቹ በኩል ጥቂት ሄደው ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባለ ሌንሱ ፈረንጅ ዓይኑን ካሜራው ላይ ሰካ። እኔም የእኔን አነሳሁ።

አባ ኮዳዎቹ መጀመሪያ አንገታቸውን አዞሩ። ከዚያ አንዱ እግሩን አነሳ። ሌላው ተከተለው። በዚያ በሚታወቁበት ዝግ ያለ አረማመድ፣ ምንም ሳይቸኩሉ፣ ባልዲውን ተከትለው ሄዱ። ሳቢሳዎቹ በረር ብለው ቀደሟቸው። ውሃው ላይ የነበሩት ፔሊካኖች እንኳ በዳርቻው ተንሳፈው እዚያው ደረሱ። እኛ ፊት የቀረው እርጥብ ድንጋይ፣ የዓሣ ቅርፊትና ሐይቁ ነው። ፎቶው ጸዳ። ከሚገባው በላይ ጸዳ።

ሰውዬው ቀና ብለው አዩን። «ልመለስ እንዴ?» አሉ።

አስጎብኚው በሳቅ ፈነዳ። ፈረንጁም ሳይተረጎምለት ገባው መሰለኝ፣ አብሮ ሳቀ። ዙሪያውን ያሉት ዓሣ ሻጮች «ይመለሱ! ይመለሱ!» እያሉ አጨበጨቡ። ሰውዬው ተመልሰው መጡ። ወፎቹም ተመለሱ። ባለ ሌንሱ ከዚያ በኋላ አንገትና መንቆር ብቻ እየመረጠ ያነሳ ጀመር። በ600 ሚሊ ሜትር ይቻላል። ሰውን ቆርጦ ወፍ ማስቀረት ይቻላል።

እኔ ግን አልችልም። የእኔ ካሜራ ቢፈልግም ሰውን መቁረጥ አይሆንላትም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ፎቶውን የምትቀበለው ሴንሰር በእኔ ካሜራ ከትንሿ ጣት ጥፍር ታንሳለች። ሴንሰር ትንሽ ሲሆን፣ ከቅርብ ያለውም ከሩቅ ያለውም እኩል ጥርት ብሎ ይወጣል። በትልቁ ካሜራና በረጅሙ ሌንስ ወፏ ብቻ ትጠራለች፤ ከኋላዋ ያለው ጀልባ፣ ሰው፣ ፕላስቲክ ሁሉ ሟሙቶ ለስላሳ ቀለም ይሆናል። የሚያምረውም ለዚያ ነው። በእኔዋ ግን የሚሟሟ ነገር የለም። ከወፏ ጋር መንደሩ ይመጣል።

ያን ቀን ካነሳኋቸው አንዷን ደጋግሜ አያታለሁ። ግራ ጥግ ላይ የሰውዬው ላስቲክ ጫማ አለ። ተረከዙ ላይ በሽቦ ተጠግኗል። ከጫማው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የሳቢሳዋ እግር አለ። ቅልጥሟ ጥቁር፣ ጣቶቿ ቢጫ ናቸው። በጫማውና በእግሯ መሃል የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት ወድቋል፤ ዓይኑ ገና አልደፈረሰም። ከኋላ የአባ ኮዳ ሁለት ቅልጥሞች ብቻ ይታያሉ፣ ሌላው አካሉ ከፎቶው ውጪ ነው። ቅልጥሞቹ ነጭ ናቸው። ቀለማቸው ግን ነጭ አይደለም። አባ ኮዳ ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዝለታል። አንዲት ልጅ ፎቶውን ሳሳያት «ካልሲ ነው?» ብላኛለች። ነገሩን ስነግራት ፊቷን አጨማደደችና ሌላ ፎቶ ጠየቀች።

እጃቸውን ማየት

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር አለ፤ ከወፏ ቀድሞ መጫን።

አባ ኮዳ የተወረወረለትን ጭንቅላት በአየር ላይ ሲቀልብ ማንሳት የሁሉም ሰው ምኞት ነው። መንቆሩን ካያችሁ ግን አይሳካም። መንቆሩ ሲከፈት ጊዜው አልፏል። የሰውዬውን ክንድ ነው ማየት። ሊወረውሩ ሲሉ ቀኝ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ መጫን። ካሜራዋ እስክትነቃ ጭንቅላቱ አየር ላይ ይደርሳል፤ መንቆሩም ይከፈታል።

ይህን የደረስኩበት ወፎቹ የሚያዩትን ሳይ ነው። አንድም አባ ኮዳ ባልዲውን አያይም። ባልዲው ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል? የሚያዩት የሰውዬውን እጅ ነው። ቢላ የያዘው እጅ ሲንቀሳቀስ ዝም፤ ባዶው እጅ ወደ ባልዲው ሲሄድ አንገት ይሰገጋል። ቢላውን ለመሳል ሲያነሱ አንዱም አይነቃነቅም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። የአሞራ ገደል ወፍ ደግሞ እንዳገሯ ዝም ማለትም ታውቃለች። ጀልባዎቹ መቼ እንደሚገቡ፣ የትኛው ሰው እንደሚወረውር፣ የትኛው ልጅ ድንጋይ እንደሚያነሳ አብጠርጥራ ታውቃለች።

እንግዲህ እኔም የሰውዬውን እጅ ነው የማየው፤ አባ ኮዳውም እሱኑ ነው የሚያየው። ባለ ሌንሱም ሳይወድ በግድ አንድ ዓይኑን እዚያ ላይ ማድረግ ነበረበት። ሦስታችንም ሥራችንን የምንሠራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥለን ነው። እና ፎቶው ላይ መኖር የሌለባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው? የከነከነኝ ይህ ነው።

ሁሉም ወፍ እንደ አባ ኮዳ ሰው አይጠብቅም፣ እሱን አልክድም። ከገበያው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ደንገሉ አጠገብ፣ የራሳቸውን እንጀራ የሚጋግሩ አሉ። ሐመርኮፕ አለች፤ ያቺ ቡናማዋ፣ ራሷ መዶሻ የሚመስለው፣ ከራሷ በብዙ የሚበልጥ የጭራሮ ቤት የምትሠራው። በአንድ እግሯ ጭቃውን እያንቀጠቀጠች የተደበቀውን ታስወጣለች። ሳቢሳዋም በቢጫ ጣቶቿ እንደዚሁ ታደርጋለች። ማንኪያ መንቆሩ ወፍ አንገቱን ደፍቶ ወለል እንደሚጠርግ ሰው ግራና ቀኝ ይላል። ቢጫ መንቆሩ ሽመላ መንቆሩን ከፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክርና ዓሣ እስኪነካው ይጠብቃል፤ በዓይኑ አይፈልግም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚለው ተረት እነሱን አላስፈራቸውም።

ለእነዚህ ዘዴው መቀመጥ ነው። መከተል አያዋጣም። አንድ እርምጃ ስትጠጉ ሁለት እርምጃ ይርቃሉ። ወፏ ወደየት እየጎረጎረች እንደምትሄድ አይቶ፣ ቀድሞ ሄዶ፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው። ሱሪ ይቆሽሻል። ትንኝ ይበላችኋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና መቸኮል የለም። ወፏ እየጎረጎረች ራሷ ወደ እናንተ ትመጣለች። አንዳንዴ ከ4 እጥፉ ዙም እንኳ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሰው የሌለበት ሐይቅ

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን በፖስተርና በካላንደር ላይ አስቡ። ሐይቅ፣ ተራራ፣ ሮዝ ፍላሚንጎ። ሰው የለም። ከብት የለም። መረብ የለም። አቢጃታ ከዓመት ዓመት ዳርቻው እየሸሸ፣ ለሶዳ አሽ ፋብሪካና ለመስኖ በሚወጣው ውሃ ምክንያት እየጠበበ እንደመጣ የሚታወቅ ነገር ነው። ፖስተሩ ላይ ግን ውሃው ሙሉ ነው። ሌንሱ ፍላሚንጎዎቹ ያሉበትን ክፍል ብቻ ነው የቆረጠው። ፎቶው አልዋሸም። የተወውን ነገር ግን ማንም አይጠይቀውም።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት እያልን እንኮራለን፤ ኮሌጅ ገብተን፣ ቱሪዝም ተምረን፣ ቁጥሩን በቃላችን ይዘን። የሀዋሳ ልጅ ግን አባ ኮዳን «ቆሻሻ ወፍ» ብሎ ያልፈዋል። ለምን? በእኔ ግምት ፖስተር ላይ ስለማያየው ነው። «የዱር እንስሳ» ማለት ሰው የሌለበት ቦታ የሚኖር ነው ብለን ተስማምተናል። ዓሣ ገበያ ውስጥ እግራችን ስር የሚቆም፣ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ ትልቅ ሽመላ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ዱርም አይደል፣ የቤትም አይደል።

ይህን የነገርኩት ጓደኛዬ አልተቀበለኝም። ፎቶ ጥበብ ነው፣ ጥበብ መምረጥ ነው ይላል። መምረጥ ካልቻልክ ካሜራህ ለፖሊስ ማስረጃ ነው የሚሆነው አለኝ። ስድቡን ወደድኩት። ግን እስቲ ስለ ማስረጃ ካነሳን አንድ ነገር ላክል። አንዷን ፎቶ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳጎላት፣ የአንዱ አባ ኮዳ እግር ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ አየሁ። ናይለን፣ ሰማያዊ። ከጉልበቱ በታች ሁለት ዙር ዞሮ ጫፉ ተንጠልጥሏል። እዚያ ቆሜ አላየሁትም፤ ካሜራዋ ግን ሁሉንም አጥርታ ስለምትወስድ ክሩን ይዛዋለች። አንገትና መንቆር የመረጠ ሰው እግር አይደርስም።

ስለዚህ ሰውና ወፍ አብረው ይኖራሉ ስል ፍቅር በፍቅር ናቸው ማለቴ አይደለም። ያው ባልዲ ያበላል፣ ያው መረብ ያስራል። ለፎቶ ብለው ልጆቹን ከፍለው የሚያስወረውሩም አሉ፤ እኔ አይመቸኝም። ሥራቸውን የሚሠሩ ሰው በሥራቸው መሃል የሚጥሉት አንድ ነገር ነው፤ ለካሜራ ተብሎ የሚጣለው ሌላ።

የማይጠጉን

ካሜራዬን ሳወድስ የቆየሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ ድካሟንም ልንገራችሁ። ከመስከረም ጀምሮ ከሰሜን የሚመጡ ወፎች አሉ። አንዳንዶቹ እስከ ሳይቤሪያ ድረስ የሚፈለፈሉ ናቸው። እስከ ሚያዝያ ድረስ በሐይቆቻችን ጭቃ ላይ ይውላሉ። ትናንሽ፣ ቡናማ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው፣ ሲሮጡ እግራቸው የማይታይ። ለእነሱ ዓሣ ገበያ ምንም አይደለም። የሰው እጅ አያዩም፤ ሰው ካዩ ይነሳሉ። 30 እርምጃ ላይ ናቸው ስትሉ 60 ላይ ናቸው። በእኔ ካሜራ የሚወጡት ነጥብ ሆነው ነው። ቆርጬ ሳጎላቸው አራት ማዕዘን ነጥብ ይሆናሉ።

እነሱን ለማንሳት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ ክርክር የለውም። ባለ ሌንሱን ሰውዬ በዚህ በኩል እቀናበታለሁ። ዋጋውን ግን ስትሰሙ መኪና የሚገዛ ነው የሚመስላችሁ።

ቢሾፍቱ ዳር ያለው የጨለለቃ ሐይቅም ከሰሜን የሚመጡ ግራጫ፣ ባለ ረጅም አንገት ትላልቅ ወፎች የሚከርሙበት ነው። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏቸዋል። ሰብል ከተነሳ በኋላ ገለባው ላይ ወርደው እህል ይለቅማሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ያ ካሜራህ «ለፖሊስ ማስረጃ ነው» ያለኝ ጓደኛዬ 600 ሚሊ ሜትር ተውሶ አብሮኝ ሊሄድ ተስማምተናል። እሱ አንገታቸውን ያንሳ። እኔ ማሳውን፣ ከነገለባው ክምር፣ ከነጥንድ በሬው አነሳለሁ። ባለማሳውን ግን አስቀድመን እናስፈቅዳለን፤ ዞር ይበሉልን የሚል ሰው ደግሞ ይዘን አንሄድም።